ሆስፒታልን ከትራስ ላይ ሆኖ ማየት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዲስ ሆስፒታል በተመረቀ ቁጥር የሚጻፈው ተመሳሳይ ነው፦ ስንት አልጋ እንዳለው፣ ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ማሽን እንደገባለት። ይጻፍ፤ አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። ነገር ግን መስኮቱ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚጀምር፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ነርሷ ከተቀመጠችበት ሆና የታካሚውን ፊት ማየት ትችል እንደሆነ የሚጠይቅ ዘጋቢ እምብዛም አላየንም። እንዲጠየቅ እንፈልጋለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈውም ለዚሁ ነው።

ሐኪም በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይጎበኛል። መድኃኒት በየስድስት ወይም በየስምንት ሰዓቱ ይሰጣል። ክፍሉ ግን ታካሚውን ሃያ አራት ሰዓት አይለቀውም፤ የሚተነፍሰው አየር፣ የሚሰማው ድምፅ፣ ሌሊት ሲነሣ የሚረግጠው ወለል ሁሉ ከክፍሉ ነው። ችግሩ ሆስፒታልን የሚነድፈውም፣ የሚያጸድቀውም፣ የሚረከበውም ቆሞ የሚሄድ ሰው መሆኑ ነው። የሚታከምበት ሰው ግን ተኝቷል። ወረቀት ላይ ያማረ ሕንፃ ከትራስ ላይ ሲያዩት ሌላ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጣሪያው እንጀምር፤ የተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው እሱን ነውና። በብዙ ክፍሎች መብራቱ ከአልጋው በላይ፣ ያለ ምንም መከለያ ተሰቅሎ ይገኛል። ለቆመ ሰው ጥሩ ብርሃን ነው፤ የተኛውን ግን ቀጥታ ዐይኑን ይወጋዋል። ታካሚ ክንዱን ዐይኑ ላይ ጥሎ ወይም ፊቱን በአንሶላ ሸፍኖ ሲተኛ ካያችሁ ሁልጊዜ ከሕመሙ የተነሣ አይምሰላችሁ። በቃሬዛ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገፋ ሰውም በኮሪደሩ መሀል ለመሀል የተደረደሩት አምፖሎች አንድ በአንድ ዐይኑ ላይ ያልፋሉ፤ በፈራበት ሰዓት። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የኮሪደሩን መብራት ወደ ግድግዳው ዳር ማስጠጋት፤ የአልጋውን ደግሞ ብርሃኑን ወደ ጣሪያ የሚረጭ አድርጎ በራስጌው ግድግዳ ላይ መትከል፤ የምርመራውን መብራት ለብቻው ማድረግ። የአውሮፓ የመብራት ደረጃ ለተኝቶ ሕክምና ክፍል 100 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አጠቃላይ ብርሃን፣ ለንባብ 300፣ ለምርመራና ለሕክምና 1,000፣ ሌሊት ለመቃኘት 5 ሉክስ ይላል። አራቱንም በአንድ ማብሪያ የሚያሠራ ክፍል ወይ ታካሚውን እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ወይ ነርሷን በጨለማ ያሠራታል።

የብርሃን ነገር ከምቾት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት መድኃኒት በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርሃን ከ500 ሉክስ ገደማ ወደ 1,500 ገደማ ሲያድግ የአሰጣጥ ስሕተቱ ከ3.8 በመቶ ወደ 2.6 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ሠራተኞቹ አልተለወጡም፤ አምፖሉ ነው የተለወጠው። የግድግዳ ቀለምም እንዲሁ ነው። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ደስ እንዲል ተብሎ ቢጫ ይቀባል፤ መጋረጃውም ቢጫ ይሆናል። ከቢጫ ግድግዳ የሚመለስ ብርሃን ሕፃኑ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ነርሷ የሕመም ምልክት የሆነውን የሕፃኑን ቢጫነት ከግድግዳው ለይታ ማየት ያቅታታል። አረንጓዴና ሰማያዊም በበዛበት ክፍል የከንፈርን መጥቆር በጊዜ ማወቅ ያስቸግራል። ቆዳ በሚመረመርበት ቦታ ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ግድግዳ ይሻላል፤ አምፖሉም ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅሙ (CRI የሚባለው) ከ100 ውስጥ 90 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህ ቁጥር በአምፖሉ ማሸጊያ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ግዢ ክፍል ሊያየው ይችላል።

ወደ መስኮቱ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ መርምሮ ያገኘውን አሳተመ። ሰዎቹን በፆታ፣ በዕድሜ፣ በክብደትና ሲጋራ በማጨስ አለማጨስ አቀራርቦ አጣመራቸው። ከየጥንዱ አንዱ መስኮቱ ዛፍ የሚያሳይ፣ ሌላው ቡናማ የጡብ ግንብ የሚያሳይ ክፍል ውስጥ የተኛ ነበር። ዛፍ ያዩት በአማካይ 7.96 ቀን፣ ግንብ ያዩት 8.70 ቀን ሆስፒታል ቆዩ፤ ዛፍ ያዩት የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም አነሰ። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ዛፍ ቁስል ያድናል ብለን አንደመድምም። ሆኖም ቀዶ ሕክምናው ያው፣ ሆስፒታሉም ያው ሆኖ ከመስኮቱ ውጪ የሚታየው ነገር ብቻ ይህን ያህል ልዩነት ማምጣቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ታዲያ መስኮት አለ ማለት ታካሚው ውጪውን ያያል ማለት አይደለም። የተኛ ሰው ዐይን ከወለሉ ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የመስኮቱ ደፍ 120 ሴንቲ ሜትር ላይ ከጀመረ ሰማይ ብቻ ይታየዋል፤ ጎረቤቱ ረጅም ሕንፃ ከሆነ ሰማዩም አይታይም። ሌላው ስሕተት የአልጋውን ራስጌ ከመስኮቱ ግድግዳ ጋር ማስጠጋት ነው፤ ታካሚው ለብርሃኑም ለውጪውም ጀርባውን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሩዋንዳ የተከፈተው የቡታሮ ሆስፒታል ይህን በጥሩ መንገድ ፈትቶታል። የአልጋዎቹ ራስጌ በክፍሉ መሀል ካለ አጭር ግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ የሁሉም ታካሚ ፊት በሁለቱም ጎን ወዳሉት ሰፋፊ መስኮቶች ዞሯል። ዘዴው የአልጋ አቀማመጥ እንጂ ውድ ዕቃ አይደለም።

የአየሩ ጉዳይ ከሁሉም ያሳስበናል፤ ስሕተቱ የማይታይ ስለሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ በተፈጥሮ አየር ለሚሠራ ተራ የተኝቶ ሕክምና ክፍል ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ላለባቸው 160 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ ይመክራል። የቁጥሩ ትርጉም በጊዜ ሲለካ ይገባል። የክፍሉ አየር በሰዓት 12 ጊዜ ከተለወጠ በአየሩ ላይ ከተንሳፈፉት ተሕዋስያን 99 በመቶው በ23 ደቂቃ ይወጣሉ። 2 ጊዜ ብቻ ከተለወጠ 138 ደቂቃ ይፈጃል። የሚያስል ሰው ከወጣ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ ክፍል የሚቀመጥ ሁሉ ያንኑ አየር ይስባል ማለት ነው።

በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ስምንት ሆስፒታሎች ተለክተው እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሎቹ አየር በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ትልልቅ የሆኑት አሮጌ ሕንፃዎች ከኋላ ከመጡት ዘመናዊዎቹ በልጠው ተገኙ፤ 40 ገደማ ለ17 ገደማ። እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ መስኮቶች በሁለቱም ጎን ትይዩ ይሁኑ፣ ጣሪያው ከፍ ይበል ብላ ስትሟገት የነበረው ተሕዋስያን ገና በውል ሳይታወቁ ነው።

አየሩ የሚበላሸው በጥቂት የታወቁ መንገዶች ነው። አንደኛው፣ መስኮት በአንድ ጎን ብቻ ሲሆን። በአንድ ወገን መስኮት የሚሠራ ክፍል ጥልቀቱ ከጣሪያው ቁመት ሁለት ዕጥፍ ትንሽ ቢያልፍ ነው አየሩ የሚደርሰው፤ 3 ሜትር ጣሪያ ላለው ክፍል ከ6 እስከ 7 ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አልጋ የቆመ አየር ውስጥ ነው። ትይዩ መስኮት ካለ ግን እስከ አምስት ዕጥፍ ይዘልቃል። ሁለተኛው፣ ተንሸራታች መስኮት። ስፋቱ ሁለት ሜትር ቢሆን ሲከፈት አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ ነዳፊው ግን በሁለት ሜትር ያሰላዋል። ሦስተኛውና በጣም የሚያሳዝነን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማቀዝቀዣ ነው። ይህ ማሽን ከውጪ አየር አያስገባም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር አቀዝቅዞ መልሶ ይነፋል። እሱ ከገባ መስኮቱ ይዘጋል፤ ክፍሉ ቀዘቀዘ እንጂ አልነጻም። ሌሊት ለብርድ ሲባል መስኮት መዘጋቱም ይታወቃል፤ ስለዚህ ከመስኮቱ በላይ፣ ከታካሚው ርቆ፣ ሊዘጋ የማይችል ክፍተት ከመጀመሪያው መተው አለበት። የትንኝ መረብ የሚገባውን አየር እንደሚቀንስም አስቦ መስኮቱን ማስፋት ያስፈልጋል።

በተሠራ ሕንፃም ቢሆን አንድ ነገር ዛሬውኑ ማድረግ ይቻላል። በምርመራ ክፍል አየሩ ከየት ወደየት እንደሚሄድ በትንሽ ጭስ ይታይ። ከዚያ ወንበሮቹ ይስተካከሉ፦ ንጹሑ አየር መጀመሪያ ባለሙያውን፣ ቀጥሎ ታካሚውን አልፎ ይውጣ። ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ታካሚው መስኮቱ ሥር፣ ባለሙያው በሩ አጠገብ። ጠረጴዛውን ማዞር ገንዘብ አይጠይቅም።

መውደቅ ሌላው ነው። በሆስፒታል የሚወድቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ፣ ብቻቸውን ሆነው ነው። በሌሊት ከእንቅልፉ የነቃ፣ ማስታገሻ የወሰደ፣ ግሉኮስ የተሰካለት ሰው እንዴት እንደሚነሣ አስቡት። እግሩን ያወርዳል፤ አልጋው ከፍ ያለ ከሆነ ጣቶቹ ብቻ ወለል ይነካሉ። በአንድ እጁ የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ይይዛል። ሽንት ቤቱ ከክፍሉ ተቃራኒ ጥግ ከሆነ የሚደገፈው ነገር ስለሌለ መሀል ወለሉን ያቋርጣል። በሩ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ደፍ አለ፤ የማንጠልጠያው ጎማ እዚያ ይያዛል። እሱ ሲጎትት ሚዛኑ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሊታይ የሚችል ነበር። ሽንት ቤቱ በራስጌው ወገን ቢሆን፣ ከአልጋው እስከ በሩ የማይቋረጥ የእጅ መደገፊያ ቢኖር፣ ደፉ ቢቀር፣ ከአልጋው ሥር ወለሉን ብቻ የሚያሳይ ደብዛዛ ብርቱካናማ መብራት ቢበራ ያ ሰው ደርሶ ይመለሳል።

የሽንት ቤቱ ውስጥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሩ ወደ ውስጥ ከተከፈተ የወደቀው ሰው አካል በሩን ይዘጋውና ሊያነሣው የመጣው መግባት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ወደ ውጪ ይከፈት ወይም ይንሸራተት። ስፋቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ውስጡም ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት 150 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይኑረው። የመደገፊያው ብረት ክብደት የሚሸከም፣ ከ110 ኪሎ በላይ የሚችል መሆን አለበት፤ ባዶ ብሎኬት ላይ በፕላስቲክ ቡሽ የታሰረ ብረት ሰው ሲደገፈው ተነቅሎ አብሮ ይወድቃል። ነጭ ወለል፣ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ መቀመጫ ከሆነ ዐይኑ የደከመ አዛውንት መቀመጫውን አያገኘውም፤ ክዳኑን ባለቀለም ማድረግ ይበቃል። የሚያብረቀርቅ ወለል እርጥብ ይመስላል፤ ጥቁር ምንጣፍ ደግሞ የማስታወስ ችግር ላለበት ሰው ጉድጓድ ሆኖ ይታየዋል፤ ሊዘለው ሲሞክር ይወድቃል። የጥሪ ገመዱም ወለል ላይ የወደቀ ሰው እንዲደርስበት እስከ ታች ድረስ መውረድ አለበት። ብዙ ቦታ ተጠቅልሎ ከላይ ታስሮ እናየዋለን፤ ለጽዳት ስለሚያስቸግር ነው። ገመዱ ለማጽዳት በሚመች ፕላስቲክ ቢሠራ የጽዳት ሠራተኛዋ ለማሰር ምክንያት አይኖራትም።

እጅ መታጠቢያን ደግሞ ማንም እንደ አደጋ አያየውም። በካናዳ ቶሮንቶ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2004 መጨረሻ እስከ 2006 መጀመሪያ 36 ታካሚዎች መድኃኒት የተላመደ ሱዶሞናስ የተባለ ተሕዋስያን ተገኝቶባቸዋል። ምንጩ ሲፈለግ መታጠቢያ ገንዳው ሆነ። ገንዳው ጥልቀት አልነበረውም፤ የቧንቧው ውኃም ቀጥታ መውረጃው ቀዳዳ ላይ ነበር የሚወድቀው። መውረጃው ውስጥ የሚኖረው ተሕዋስያን ከውኃው ጋር እየተፈናጠረ ቢያንስ አንድ ሜትር ድረስ ይደርስ ነበር፤ እዚያ ርቀት ውስጥ ደግሞ ለታካሚ የሚሆን ዕቃ ይዘጋጃል። የውኃው መውደቂያ ከመውረጃው ሲዛወር፣ ግፊቱ ሲቀንስና በገንዳው ጎን መከለያ ሲቆም ሥርጭቱ ቆመ። ገንዳ ስትገዙ ጥልቀቱንና የቧንቧውን አቅጣጫ ተመልከቱ፤ መርፌና መድኃኒት የሚዘጋጅበትን ጠረጴዛ ከገንዳው አጠገብ አታድርጉ። አልኮሉን ደግሞ በሩ ላይ ብቻ አትስቀሉ። እጅን በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። ነርሷ በእያንዳንዱ ታካሚ መሀል እስከ በሩ ተመላልሳ እንድትመጣ የሚያስገድድ ክፍል ከሥራ ብዛት ጋር ሲደመር እጅ እንዳይጸዳ ይፈርዳል። በየአልጋው እጅ በሚደርስበት ይሁን።

ጫጫታን በአጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ሌሊት በታካሚ ክፍል ድምፅ ከ30 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንዳያልፍ ይመክራል። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ለአሥርት ዓመታት የታተሙ መለኪያዎችን ሲያሰባስቡ በ1960 ቀን 57 የነበረው ወደ 72፣ ሌሊት 42 የነበረው ወደ 60 ዴሲቤል ከፍ ብሎ አገኙት። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ቀለም፣ ጣሪያው ኮንክሪት ከሆነ ድምፅ የሚሞትበት ቦታ የለውም። የሚታጠብ ድምፅ መጣጭ ጣሪያ፣ ለጋሪዎች የጎማ እግር፣ ለበር መዝጊያ ጠርዝ ላስቲክ፣ የብረት ቆሻሻ መጣያን በፕላስቲክ መተካት፤ ከዚህ ይጀመራል።

በአንድ ጉዳይ ላይ ቀላል መልስ የለንም፤ የብቻ ክፍል ወይስ የጋራ? የብቻ ክፍል በሽታ ከማስተላለፍ ያድናል፣ ክብር ይጠብቃል፣ እንቅልፍ ይሰጣል። ግን ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከነርሶች ጣቢያ የማይታዩ ክፍሎች ውስጥ ከተኙት እጅግ ከጸናባቸው ታካሚዎች 82 በመቶው ሲሞቱ፣ በሚታዩት ክፍሎች ከተኙት ተመሳሳይ ታካሚዎች የሞቱት 64 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፦ በጣም የታመመው በሚታይበት ይተኛ፤ ግድግዳ ካስፈለገ ከወገብ በላይ መስታወት ይሁን፤ የብቻው ክፍል በቅድሚያ ለሚያስተላልፍና በሞት አፋፍ ላለ ሰው ይሰጥ።

መጋረጃ ዐይን ይከልላል፤ ድምፅ አይከልልም። በመጋረጃ ብቻ በተከፈለ ድንገተኛ ክፍል ሐኪም «ሌላ የምትደብቀኝ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አጠገብ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ ስለዚህ ታካሚው «የለም» ይላል። ቢያንስ ታሪክ የሚጠየቅበት አንድ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋል። በማዋለጃ ክፍልም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ በብዙ ቦታ ግን «ሌሎች እናቶች ስላሉ» ተብሎ ይከለከላል። የከለከለው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በአልጋዎቹ መሀል ግድግዳ ስለሌለ ነው። ንድፉ ነው የከለከላት። አስታማሚም በንድፍ ውስጥ የለም። መቀመጫ ስለሌለው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሌሊት ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ነርሷ ትረማመደዋለች፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ከሥሩ አታጸዳም። በየአልጋው አንድ የሚዘረጋ ወንበር የሚገባበት ቦታ ከመጀመሪያው ይለካ። በእንግሊዝ መመሪያ ለአንድ አልጋ የሚያዘው ስፋት 3.6 ሜትር፣ ጥልቀት 3.7 ሜትር ነው፤ ከዚህ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው የአስታማሚው ቦታ ነው።

ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ሊደረግ የሚገባውን እንጻፍ። አንዱን የታካሚ ክፍል በልኩ ባዶ አዳራሽ ወለል ላይ በፕላስተር አስምሩት፤ ግድግዳውን በካርቶን ወይም በኮምፔንሳቶ አቁሙት። እውነተኛ አልጋ፣ ቃሬዛ፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የግሉኮስ ማንጠልጠያ አስገቡ። ነርስ፣ ሐኪም፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የጥገና ባለሙያና ታካሚ የነበረ ሰው ጥሩ። ልቡ የቆመ ሰው አለ በሏቸውና አራት ሰው በአልጋው ዙሪያ ይቁም፤ ራስጌው ጋ መቆም የሚቻል መሆኑን ያኔ ታያላችሁ። ቃሬዛው በሩን ሲያልፍ የገፊው ጣት ከመቃኑ ጋር ይጋጫል? የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን አልጋው ሥር ስታስገባ የሚይዛት ነገር አለ? መብራት አጥፉና አንዱ ከአልጋው ተነሥቶ እስከ ሽንት ቤቱ ይሂድ። ከዚያ ነዳፊው ራሱ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ለግማሽ ሰዓት ይጋደም፤ የታየውን፣ የተሰማውን፣ የደረሰበትንና ያልደረሰበትን ሁሉ ተኝቶ ይጻፍ። ካርቶን ማንቀሳቀስ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የተገነባ ግድግዳ ግን ለሃምሳ ዓመት እዚያው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕክምና ሕንፃ ንድፍና በነርስነት ሙያ የተሰማራን ባለሙያዎች